ርካሽ ግራይንደር ስትገዙ
ከመርካቶ ርካሽ ግራይንደር (በሚሽከረከር ዲስክ ብረት የሚቆርጥና የሚሞርድ የእጅ ማሽን) ገዝታችሁ ከሆነ፣ ብረት ከማስነካታችሁ በፊት ሶኬቱን ነቅላችሁ የጊሩን ቤት (የሞተሩን ዙር ወደ ዲስኩ የሚያስተላልፉት ጥርሶች ያሉበትን) አራት ቡሎኖች ፍቱና ግሪሱን እዩት። እኔ በገዛሁት ውስጥ የነበረችው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ብቻ ነበረች፤ ጥርሶቹ ደርቀዋል። ጠርጌ አዲስ ግሪስ ስቀባው ጩኸቱ ወዲያው ቀነሰ። ግጥም አድርጋችሁ ግን አትሙሉት፣ ትርፉ ወደ ሞተሩ ይገባል። ካርቦኑን (ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን፣ እያለቀ የሚቀየረውን ዕቃ) እዚያው ሱቅ በትርፍ ያዙ፤ በኋላ ልኩን ፍለጋ ያንከራትታል።

አንድ ነገር ግን እባካችሁ፦ የዲስኩን መከለያ አውልቃችሁ ትልቅ ዲስክ አትግጠሙበት። ትንሹ ማሽን በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይሽከረከራል፤ ባለ 230 ሚሊሜትሩ ዲስክ የሚችለው 6,600 አካባቢ ነው። ተሰባብሮ ፊታችሁ ላይ ይበተናል። የሚችለው ዙር ዲስኩ ላይ ተጽፏል፤ አንብባችሁ ግዙ።