ሳሪሳው ለምን ይጣላል? የሄለናዊ ዘመን ሞድ ለምትሠሩ፣ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

«ሮም፦ ቶታል ዋር» በ2004 የወጣ የኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታ ነው። ግራፊክሱ አርጅቷል። ሞድ (የጨዋታውን ፋይሎች ለውጦ የሚሠራ የራስ ቅጂ) ለሚሠራ ሰው ግን ዛሬም ይመቻል፤ የጦሩም የከተማውም የዘመቻውም ነገር በተራ የጽሑፍ ፋይል ስለተቀመጠ ኖትፓድ ያለው ሁሉ ከፍቶ ይነካዋል። መከራውም እዚያው ላይ ነው፤ ከፍቶ የሚነካው ሁሉ ያበላሸዋል።

ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ከታላቁ እስክንድር ሞት (ከክ.ል.በ. 323) በኋላ ያለውን፣ ሄለናዊ የሚባለውን ዘመን ወደ ጨዋታው ስናስገባ ደጋግመው የሚገጥሙን ናቸው። ከመጀመራችሁ በፊት ጥፋቱ የፋይል ነው፣ የጨዋታው ሞተር ወሰን ነው ወይስ የታሪክ ስህተት ነው ብላችሁ ለዩ። ብዙ ሰው ሦስቱንም የማጥቂያ ቁጥር ከፍ ዝቅ በማድረግ ሊያክም ይሞክራል፤ አይድንም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጨዋታው ሳይከፈት ወደ ዴስክቶፕ ይመልሰኛል»

አንድ ሙሉ ቅዳሜ የበላኝ ይሄ ነው። የጓዶቹ (የጨዋታው የወታደር ምድቦች) ሁሉ መግለጫ ያለበትን «ኤክስፖርት ዴስክር ዩኒት» የተባለውን ፋይል (እኛ ኢዲዩ እንለዋለን) እያስተካከልኩ ሳለ ቴሌግራም ላይ ለጓደኛዬ በአማርኛ መለስኩለት። ከዚያ ኪቦርዱን ሳልቀይር ወደ ፋይሉ ተመለስኩ። ጨዋታው ቁጥር ከቁጥር የሚለየው በላቲኑ ኮማ ነው፤ እኔ ያስገባሁት የእኛን ነጠላ ሰረዝ «፣» ነበር። በትንሽ ፊደል ሁለቱ መንትያ ይመስላሉ። በድርብ ሰረዝም ያው ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ማስታወሻ የሚጀመረው በላቲኑ ነጥብና ኮማ ስለሆነ «፤» ካስገባችሁ ጨዋታው ማስታወሻችሁን እንደ ትእዛዝ ሊያነበው ይሞክራል።

መፍትሄው ዓይን ማፍጠጥ አይደለም። የጨዋታውን ሾርትከት በቀኝ ክሊክ ከፍታችሁ፣ ዒላማ በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ተዉና ሰረዝ፣ አያይዛችሁም «ሾው ኧር» (ስህተት አሳይ ማለት ነው) የሚለውን በታች ሰረዝ አገናኝታችሁ በላቲን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ዝም ብሎ አይሞትም፤ የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንደተሰናከለ ይነግራችኋል።

መስመሩ ንጹሕ ሆኖ እንቢ ካለ ኢንኮዲንጉን እዩ። ኢዲዩ ተራ ጽሑፍ (አንሲ) ሆኖ ሴቭ መደረግ አለበት። የጓዶቹ ስም የሚጻፍበት፣ ቴክስት በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለው ፋይል ግን ዩቲኤፍ 16 ነው። አዲሱ ኖትፓድ ሳይጠይቅ ዩቲኤፍ 8 ሊያደርገው ስለሚችል ሁልጊዜ «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ምረጡ። አዲስ ጓድ ጨምራችሁ ስሙን በስም ፋይሉ ውስጥ ካልጻፋችሁ ደግሞ ምንም ያህል ጥሩ አድርጋችሁ ብትሠሩት ጣጣ ያመጣል።

«ቀየርኩ፣ ግን ምንም አልተቀየረም»

ጨዋታው ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ከተጫነ ዊንዶውስ የምትቀይሩትን ፋይል ቨርቹዋል ስቶር ወደሚባል ስውር ቦታ ሊወስደው ይችላል፤ ፋይሉን ስትከፍቱት ለውጡ አለ፣ ጨዋታው የሚያነበው ግን አሮጌውን ሊሆን ይችላል። ከዚያ አውጥታችሁ ሌላ ፎልደር ላይ ጫኑት። የዘመቻ ካርታ ነክታችሁ ከሆነ «ማፕ አርደብሊውኤም» የሚለውን ፋይል አጥፉት፤ ጨዋታው ሲከፈት ራሱ መልሶ ይሠራዋል። አሮጌ ሴቭ ላይ አትሞክሩ፤ አዲስ ዘመቻ ጀምሩ።

«ፋላንክሱ ሳሪሳውን ጥሎ ሰይፍ ይመዛል»

ፋላንክስ ተጠጋግቶ የሚሰለፍ የመቄዶንያ እግረኛ ነው፤ ሳሪሳ የሚይዘው እጅግ ረጅም ጦር ነው። ጠላት አፍንጫቸው ሥር ሲደርስ ያን ሁሉ ረጅም እንጨት ወርውረው በጩቤ የሚጋፈጡ መቄዶናውያን ማየት ያናድዳል። በተከታዩ «ሜዲቫል ሁለት» (2006) ላይ የሚሠሩ ሰዎች ይህን በሽታ ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጓዱ በኢዲዩ ሁለት መሣሪያ ተሰጥቶታል፤ «ስታት ፕራይ» ሳሪሳው፣ «ስታት ሴክ» ሰይፉ ነው። ሞተሩ ጠላት ከሳሪሳው ጫፍ አልፎ ገባ ብሎ ሲያስብ ወደ ሁለተኛው ይዞራል፤ አንድ ሁለት ሰው ሾልኮ ሲገባ መላው ረድፍ ይፈርሳል።

መፍትሄው ሁለተኛውን መሣሪያ መንጠቅ ነው። እንደ ባላገር ዘማች ያለ አንድ መሣሪያ ብቻ ያለው ጓድ ፈልጉና የእርሱን የ«ስታት ሴክ» መስመር እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ በፋላንክሱ ላይ ለጥፉ። በእጅ ከመጻፍ ኮፒው ይሻላል፤ የኮማ ብዛት አይዛባባችሁም። እናንተ ራሳችሁ ስትጫወቱ ደግሞ ጓዱን ቦታህን ጠብቅ የሚለው ትእዛዝ ላይ አድርጉት።

«እውነተኛው ፋላንክስ እኮ ሰይፍ ነበረው» የሚል ይመጣል፤ ልክ ነው። ከሮማ ጋር በተደረገው የፒድና ጦርነት (ከክ.ል.በ. 168) መስመሩ ሲሰነጠቅ የመቄዶንያው ንጉሥ የፐርሲየስ ሰዎች ባጫጭር ስለቶቻቸው የሮማን ረጅም ጋሻ ሲመቱ ምንም አላመጡም። ሰይፉ ካልጠቀማቸው በሞዱ ውስጥ ባይኖር ብዙ አልጎደለብንም፤ የፈረሰ ፋላንክስ መታረድ አለበት፣ ያንን ደግሞ በሌላ መንገድ እናመጣዋለን።

«ፋላንክሱ አይሸነፍም፤ ጫካ ውስጥም፣ ከኋላም ቢመቱት»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የሄለናዊ ዘመን ሞድ ሁሉ የሚወድቀውም የሚነሣውም እዚህ ነው።

የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ የፋላንክሱንና የሮማን አሰላለፍ ሲያነጻጽር የሰጠው ስሌት አለ። ሳሪሳው 14 ክንድ ነው፤ ከያዡ እጅ ፊት 10 ክንድ ይወጣል። እያንዳንዱ ሰው የሚይዘው ቦታ 3 ጫማ ስለሆነ ከመጀመሪያው ረድፍ ፊት የአምስት ረድፍ ጫፍ ይወጣል። ሰይፉን ለማወዛወዝ ሰፋ ያለ ቦታ የሚፈልገው ሮማዊ ሁለት ሰው ይገጥመዋል፣ አሥር የሳሪሳ ጫፍ ማለት ነው። ከአምስተኛው ረድፍ ኋላ ያሉት ደግሞ ሳሪሳቸውን ወደ ላይ አዘንብለው ይይዛሉ፤ የሚወረወረውን ይሰብራል።

ሞድ ሠሪው ይህን ያነብና ማጥቂያውን ከ7 ወደ 14፣ ጥሩሩንም ወደ 12 ያወጣዋል። ስህተቱ ጥሩሩ ላይ ነው። በጨዋታው የጥሩር ቁጥር በአራቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ የጋሻ ቁጥር ግን ከፊትና ከግራ ብቻ ነው። ጥሩሩን ስትጨምሩ ጀርባውንም ብረት አለበሳችሁት።

ስለዚህ ጥሩሩን ወደ 3 ወይም 4 አውርዱና የቀነሳችሁትን ለጋሻው ስጡ። «የመቄዶናዊ ጋሻ ትንሽ ናት» ብትሉኝ እውነታችሁን ነው፤ እኛ ግን ቁጥሩን የምንጠቀምበት ለዚያች ለአንገት ማንገቻ ጋሻ ሳይሆን ከፊት ላለው የሳሪሳ ጫካ ነው። ፍላጻና ውርወራን የሚቀንሰውም ያው ቁጥር ስለሆነ ወደ ላይ ያዘነበሉትን ሳሪሳዎች ሥራ ይሠራልናል። የግራ ጎኑ ከሚገባው በላይ ይጠነክራል፤ ይህ የሞተሩ ጣጣ ነው፣ ቻሉት።

ቀጥሎ መሬቱ። «ስታት ግራውንድ» የሚለው መስመር አራት ቁጥር አለው፤ በቅደም ተከተል ቁጥቋጦ፣ አሸዋ፣ ጫካ፣ በረዶ። እኔ ለፋላንክስ ቁጥቋጦን ከዜሮ በታች 3፣ ጫካን ከዜሮ በታች 6 አደርጋለሁ። ለአቀበትና ቁልቁለት ግን ቁጥር የለውም። ይህ ያንገበግባል፤ ምክንያቱም በቴሳልያ፣ በኪኖስኬፋሌ ጦርነት (ከክ.ል.በ. 197) ጉዳዩን የጨረሰው ኮረብታው ነበር። ጦርነቱ በጭጋግ ውስጥ ሳይታሰብ ተጀመረ። የመቄዶንያው ንጉሥ የአምስተኛው ፊልጶስ ቀኝ ክንፍ ተሰልፎ፣ ጥልቀቱን እጥፍ አድርጎ ቁልቁል ሲወርድ የሮማን ግራ እየገፋ ሄደ። ግራ ክንፉ ግን ገና ከኮረብታው ጀርባ እየመጣ ነበር፤ የሮማው አዛዥ ፍላሚኒነስ ዝሆኖቹን አስቀድሞ ሳይሰለፍ በተነው። ፖሊቢየስ ስሙን ያልነገረን አንድ ትሪቡን (የሮማ መኮንን) በዚህ ጊዜ 20 ማኒፕል (የሮማ እግረኛ ክፍል) ይዞ ዞረና አሸናፊውን ቀኝ ክንፍ ከጀርባው ገባበት። ሳሪሳ የያዘ ሰው ብቻውን ዞር ማለት አይችልም። ወደ 8,000 የመቄዶንያ ሰው ሞተ፣ 5,000 ተማረከ፤ ከሮማ 700 ገደማ።

አቀበቱን በጓዱ ላይ መጻፍ ካልተቻለ በካርታው ላይ ሣሉት። በዘመቻ ካርታው የመሬት ዓይነት ምስል ላይ ቴሳልያን ኮረብታና ቁጥቋጦ ቀቡት፤ (ያን «ማፕ» ፋይል ማጥፋት አትርሱ)።

ጥልቀቱ ደግሞ «ፎርሜሽን» በሚለው መስመር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች በጠባብ አሰላለፍ በሰዎች መካከል ያለው ርቀት በሜትር ናቸው፤ 3 ጫማ ወደ 0.9 ይመጣል። አምስተኛው ቁጥር የረድፍ ብዛት ነው፤ 16 በሉት። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ጨዋታው ለአንድ ጓድ ከ60 ሰው በላይ አይፈቅድም፤ በትልቁ የጦር መጠን በአራት ሲባዛ 240 ይሆናል። እውነተኛው ሲንታግማ (የፋላንክሱ መደበኛ ክፍል) 16 በ16፣ ማለትም 256 ነበር። የጎደለን በትክክል አንድ መስመር ሰው ነው! ለሃያ ዓመት ሞተር መጥፎ አይደለም።

አሁን ፈትኑት። ለጥ ባለ ሣር ላይ አንድ ፋላንክስና አንድ የሌጌዎን ጓድ ፊት ለፊት አጋጥሙ፤ ደጋግማችሁ። ፋላንክሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ማሸነፍ አለበት። ከዚያ ሁለተኛ የሮማ ጓድ ከኋላው ላኩ፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ካልፈረሰ ጥሩሩ ገና ብዙ ነው።

«ግብጼ የራምሴስ ዘመን ትመስላለች»

የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ ጨዋታው እንዲሁ ነው የመጣው። ዘመቻው የሚጀምረው ከክ.ል.በ. በ270 ነው፣ ግብጽን ይገዛ በነበረው በመቄዶናዊው ዘር ንጉሥ በሁለተኛው ፕቶለሚ ዘመን፤ ሠራዊቱ ግን ከዚያ ሺህ ዓመት ቀደም ያለ የፈርዖን ሠረገላ ይነዳል። በ«ኦውነርሺፕ» መስመር ሠረገላውን ንጠቁት፣ የመቄዶንያውን ፋላንክስ ስጡት። የጓዱን የቀለም መስመር በሞዴል ፋይሉ፣ መመልመያውን በሕንፃ ፋይሉ ላይ ካልጨመራችሁ ግን ሥራው ግማሽ ነው። ርካሽ የግብጻውያን ፋላንክስም ጨምሩ፤ ከሴሌውቆስ መንግሥት ጋር ለተደረገው የራፊያ ጦርነት 20,000 ግብጻውያን ሳሪሳ ይዘው ሠልጥነው ነበር።

«የፕቶለሚ ዝሆኖች የሴሌውቆስን ዝሆኖች ይደመስሳሉ»

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ስንፍና ነው፤ አንድ የዝሆን ጓድ ተሠርቶ ለሁለቱም ተሰጥቷል። የፕቶለሚዎች ዝሆን ግን ከህንድ አይመጣም ነበር፤ በሶርያና በፋርስ በኩል የነበረው የሴሌውቆስ መንግሥት የህንዱን መንገድ ስለያዘባቸው ወደ እኛ ቀይ ባሕር ወረዱ። በዛሬዋ ሱዳን ጠረፍ ፕቶለማይስ ቴሮን የሚባል የአደን ሰፈር ከተሙ። አዱሊስ ላይ ቆሞ የነበረው የሦስተኛው ፕቶለሚ ጽሑፍ እርሱና አባቱ የትሮግሎዳይትና የኢትዮጵያ ዝሆኖችን ከዚሁ አገር አድነው ለጦርነት እንዳሠለጠኑ ይናገራል። ይህን ጽሑፍ ያወቅነው በስድስተኛው መቶ ዘመን፣ ዐፄ ካሌብ ግልባጩ እንዲላክላቸው ባዘዙ ጊዜ ነጋዴው ኮስማስ ስለገለበጠው ነው።

በራፊያ (ከክ.ል.በ. 217) አራተኛው ፕቶለሚ 73፣ የሴሌውቆሱ ንጉሥ ሦስተኛው አንቲዮኮስ 102 ዝሆን አሰለፉ። ፖሊቢየስ እንደሚለው የፕቶለሚዎቹ አብዛኞቹ የህንዶቹን ጩኸትና ሽታ ፈርተው አልጋጠም አሉ። ይህን ለማስመሰል ብዙ ሞድ ዝሆኑን ጥጃ ያህል ያሳንሰዋል፣ «የደን ዝሆን» ነው ብሎ። እኔ አልስማማም፤ በኤርትራ ጋሽ ባርካ ባሉት ዝሆኖች ላይ የተሠራውና በ2014 የታተመው የዘረመል ጥናት የሳቫና ዝሆን መሆናቸውን አሳይቷል። ሞዴሉን ተዉት፤ ልቡን ንኩ።

ሁለተኛ የዝሆን ጓድ ጨምሩ። «ማውንት ኢፌክት» በሚለው መስመር ዝሆን ላይ ከዜሮ በታች 4 ስጡት፣ በ«ስታት ሜንታል» የሞራሉን ቁጥር ከህንዱ በ3 ዝቅ አድርጉ። መስመሩን ኮፒ ስታደርጉ «ካን ራን አሞክ» የሚለው ባሕርይ እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ፤ እርሱ ከሌለ ዝሆኑ መቼም አያብድም።

እኔ ስፈትነው የፕቶለሚ ዝሆኖች ከግራ ክንፍ ዞረው የራሴን ዘበኞች ረገጡ፤ አንቲዮኮስን የያዘው ኮምፒውተርም በፈረሰኞቹ ሸሽተኛውን እያባረረ ከሜዳው ወጣ። መሐል ያለው ፋላንክሴ ግን እንደቆመ ነበር፤ ሳሪሳውን አስዘቅዝቄ ወደፊት አልኩት። ራፊያም ያለቀው እንዲሁ ነው።