የከተማችሁን አስተዳደር ለመቀየር ከቻርተሩ ጀምሩ

የምኖረው ፖርትላንድ ኦሪገን፣ ከ82ኛው አቬኑ በስተምሥራቅ ነው። ሌላ ከተማ ያሉ ወዳጆቼ «እንዴት ቀየራችሁት?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማችን ከ1913 ጀምሮ በኮሚሽን ነበር የምትተዳደረው። ከንቲባውና አራት ኮሚሽነሮች ሕግም ያወጣሉ፣ ቢሮም ይመራሉ። ውሃው የአንዱ፣ መንገዱ የሌላው። የሚመረጡት በመላው ከተማ ስለነበር፣ ከኛ ሰፈር የሚገባ ሰው ከስንት አንዴ ነው። ይሄ ያንገበግበኝ ነበር።

መጀመሪያ ቻርተሩን፣ ማለትም የከተማውን መተዳደሪያ ሕግ፣ አንብቡ። የአዲስ አበባን ቻርተር የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ኦሪገን ውስጥ ግን የመጨረሻው ቃል የከተማው መራጭ ነው። ስለዚህ ማሻሻያው ለድምፅ የሚቀርበው በማን በኩል እንደሆነ ፈልጉ። የኛ ቻርተር ቢያንስ በየ10 ዓመቱ ቻርተሩን የሚመረምር 20 አባላት ያሉት ኮሚሽን እንዲቋቋም ያዛል። 15ቱ ከተስማሙ ሐሳቡ የምክር ቤቱ ፈቃድ ሳያስፈልገው በቀጥታ ለሕዝብ ይቀርባል። በ2022 የአስተዳደሩን ለውጥ 17ቱ ደገፉት።

እንግዲህ ልፋታችሁን እነዚያ ሰዎች ላይ አድርጉት። ስብሰባቸው ላይ የሚሰጣችሁ ደቂቃ ትንሽ ስለሆነ ጽፋችሁ ግቡ። ስለ አስተዳደር ንድፈ ሐሳብ አታውሩ፤ ስለ መንገዳችሁ ተናገሩ። እኔ ልጄ የእግረኛ መንገድ በሌለበት፣ በዝናብ፣ የመኪና መንገዱን ጠርዝ ይዛ ወደ አውቶቡስ ስትሄድ ምን እንደምትመስል ነው የተናገርኩት።

በ2002ና በ2007 ሕዝቡ የአስተዳደር ለውጥ አልቀበልም ብሎ ነበር። በ2022 ኅዳር ግን 58 ከመቶ ያህሉ «ይሁን» አለ። የምርጫ ወረቀት እኛ ዘንድ በፖስታ መጥቶ ቤት ውስጥ ስለሚሞላ፣ ዋናው ቅስቀሳ ቡና ላይ ነው።

አዲሱ ምርጫ እስከ ስድስት ሰው በቅደም ተከተል ያስመርጣል። ለጎረቤቴ ስድስት ስኒ ደረደርኩላቸው። «እማማ፣ አንደኛ ያሉት ከወደቀ ቡናው ወደ ሁለተኛው ይገለበጣል» አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው።

ድምፁ አለፈ ብላችሁ ቤት እንዳትገቡ። ከ2022 እስከ 2025 ጥር የነበረው ጊዜ ነው ሁሉን የወሰነው። አሁን 12 የምክር ቤት አባላት አሉን፤ ከአራት ወረዳ ሦስት ሦስት። ቢሮዎቹን በከንቲባው ሥር የከተማ ሥራ አስኪያጅ ይመራል። የወረዳዎቹን ድንበር ያሰመረው ደግሞ 13 አባላት ያሉት ሌላ ኮሚሽን ነው። እሱ ካርታውን ሲዘረጋ እዚያው ተገኙና መንገዳችሁን በጣታችሁ ፈልጉ።