ጋዝ በስሪንጅ መለካት፦ ከፋርማሲ ዕቃ የሚሠራ ቢሬት (መስመር ያለው መለኪያ ቱቦ)

ለጋዝ መለኪያ ከሚያገለግሉ የቤት ዕቃዎች ባለ 60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅን የሚያህል የለም። መስመሮቹ ከፋብሪካ የወጡ ናቸው፤ ጠርሙስ ላይ በእስክሪብቶ ከሚሠመረው የበለጠ ይታመናሉ። ከሱ ሌላ የሚያስፈልገው አዲስ የግሉኮስ ቱቦ፣ የጎማ ክዳን ያለው 30 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ትንሽ ስሪንጅ ከነመርፌው፣ አናቱ የተቆረጠ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ እና የዓይን መከላከያ መነጽር ነው።

የትልቁ ስሪንጅ ገፊ ተነቅሎ ይወጣል። ባዶ የቀረው የስሪንጁ ቀፎ አፍንጫው ወደ ላይ፣ ሰፊው አፉ ወደ ታች ሆኖ ሃይላንዱ ውስጥ ባለው ውሃ ይጠልቃል። የቱቦው የታች ጫፍ አፍንጫው ላይ አይገጥምም፤ ሁለቱም ወንድ ናቸው። ስለዚህ ጫፉ ይቆረጥና ቱቦው ራሱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ለስለስ ሲል አፍንጫው ላይ ይገፋል። አፍንጫው ዙሪያ ጥርስ ያለው፣ የሚጠመዘዘው ስሪንጅ ለዚህ አይሆንም፤ ሲገዛ ልሙጡን መምረጥ ነው። በሌላው ጫፍ ያለው ሹል ፕላስቲክ የብልቃጡን ጎማ ወግቶ ይገባል። አንዳንዱ ሹል ጎኑ ላይ የአየር ቀዳዳ አለው፤ እሱ በደንብ ካልተዘጋ ጋዙ በዚያ ያመልጣል። ቱቦው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ደግሞ ሁሌም ክፍት ይሁን፤ ከተዘጋ ግፊቱ ክዳኑን ያፈናጥረዋል።

ማፍሰሱን ለማወቅ ብልቃጡ ተከድኖ ቀፎው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይደረጋል፤ አፉ ግን ከውሃው አይውጣ። ውስጡ ያለው ውሃ በ5 ደቂቃ ዝቅ ካለ አየር እየገባ ነው። ቦታውን ለማግኘት ቀፎው ወደ ታች ይገፋና መገጣጠሚያዎቹ የሳሙና አረፋ ይቀባሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዜሮ ሲጀምር ነው። ገፊው ከወጣ በኋላ ከ0 መስመር በላይ ባዶ ቦታ ይቀራል። ከ5 ሚሊ አካባቢ ጀምሮ ልዩነቱን ማስላት ይሻላል፤ በመስመሮቹ መካከል ቀፎው እኩል ስፋት አለው።

ለሙከራ ከፋርማሲ 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይበቃል፤ ለፀጉር የሚሸጠው ጠንካራው አይነካ። ብልቃጡ ውስጥ ግማሽ ግራም ደረቅ እርሾ በ3 ሚሊ ውሃ ይበጠበጣል፤ ይከደናል፤ መነሻው ይመዘገባል። ከዚያ 2 ሚሊ ፐርኦክሳይድ በመርፌ ጎማውን ወግቶ ቀስ ብሎ ይጨመራል፤ እርሾው ፐርኦክሳይዱን ሲሰብረው ኦክስጅን ይወጣል። ቶሎ ከተጨመረ አረፋው ቱቦው ውስጥ ይገባል። መርፌው እስከ መጨረሻው አይነቀልም። ሲያበቃ 10 ደቂቃ ጠብቆ፣ ቀፎው ከፍና ዝቅ እየተደረገ የውስጡና የውጩ ውሃ እኩል ሲሆን ይነበባል። 10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ብቻ አዲስ አበባ ላይ ከ1% በላይ ስህተት ያመጣል። ብልቃጡ በእጅ አይያዝ፤ የእጅ ሙቀት ውስጡ ያለውን አየር ያሳብጠዋል።

ከመነሻውና ከመጨረሻው ንባብ ልዩነት ላይ 2 ሚሊ ይቀነሳል፤ ፈሳሹ ራሱ ያን ያህል አየር ገፍቷልና። የሚቀረው ኦክስጅን በ20 ዲግሪ፣ በባሕር ጠለል 22 ሚሊ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ግፊቱ 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ ወደ 29 ሚሊ ይደርሳል፤ ትርፍ የመሰለው ከፍታው ነው። ሲሰላ ከግፊቱ የውሃ ተን ድርሻ፣ 2.3 ኪሎ ፓስካል፣ ይቀነሳል። ስልክ ላይ በአየር ጠባይ መረጃ የሚታየው ግፊት፣ 1020 ምናምን ሄክቶ ፓስካል፣ ወደ ባሕር ጠለል ተቀይሮ የቀረበ ነው፤ ለዚህ አይሠራም። ውጤቱ በጣም ካነሰ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ተከፍቶ የቆየ የፐርኦክሳይድ ጠርሙስ ነው።

በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለካ ግን ንጹሕ ውሃ ሌባ ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ ወደ 0.9 ሊትር ጋዝ ይውጣል። ጨው እስኪጠግብ የተሟሟበት ውሃ፣ በሊትር 350 ግራም ያህል፣ ኪሳራውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። በረኪና ግን ኮምጣጤ የነካው ብልቃጥ ውስጥ አይጨመር፤ የሚወጣው ክሎሪን መርዝ ነው።