ሠራተኛችሁን ቡና ጋብዙና ይህን ጠይቁት

ሰው የምታስተዳድሩ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመሥሪያ ቤቱን ዓላማ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን ማንንም አያነቃቃም። እያንዳንዱን ሠራተኛ ለብቻው ቡና ጋብዙትና «ሰዓቱ ሳይታወቅህ የሚያልፈው የትኛውን ሥራ ስትሠራ ነው?» በሉት። ከዚያ በሳምንት ግማሽ ቀን እንኳ ቢሆን ያንን ሥራ ስጡት።

ይህን ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚሉኝ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው ለፊስቱላ፣ ማለትም በአስቸጋሪ ወሊድ ለሚደርስ ጉዳት፣ ሕክምና አዲስ አበባ መጡ፤ የማኅፀን ሐኪሞቹ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው አከሟቸው። ከዳኑ በኋላ እዚያው ቀሩ፤ አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ። ሐኪሞቹ ግን ፍላጎታቸውን አዩ። ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገብተው፣ እያሳዩ አስተማሯቸው። መደበኛ ትምህርት ያልነበራቸው እኚህ ሴት፣ ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደረሱ! የታካሚዎቹን ሕመም በራሳቸው አካል ያውቁታል፤ እጃቸው ደግሞ ለሥራው የተሠራ ነው።

ሠራተኛው የሚወደውን ሥራ ስትሰጡት፣ ሥራው የሚጠቅመውን ሰውም አሳዩት። ሒሳብ ሠራተኛም ቢሆን በወር አንዴ ከተገልጋዮች ጋር ይቀመጥ። እባካችሁ፣ ይህን «ጊዜ የለም» ብላችሁ አትለፉት። ከዚህ ሳምንት በአንድ ሰው ጀምሩ።