የሳንባ ደም ግፊትና የጭንቅላት ውኃ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ሁለቱም ሲወራ ግፊት ስለሚነሳ ብዙ ሰው ይቀላቅላቸዋል። የሳንባ ደም ግፊት ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄዱ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ነው። ቀኝ ልብ በሥራ ብዛት ይደክማል። የጭንቅላት ውኃ (ሃይድሮሴፋለስ) ደግሞ አንጎል ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ወይም በደንብ ሳይመጠጥ ሲጠራቀም ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በክንድ መለኪያ መተማመን ነው። «ተለካሁ፣ ግፊቴ ደህና ነው» እንላለን። እሱ የሳንባውን አያሳይም። መጀመሪያ በልብ አልትራሳውንድ ይገመታል፤ የሚረጋገጠው ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ገብቶ ሲለካ ነው። በእረፍት ላይ አማካዩ ከ20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ካለፈ ከፍ ብሏል ይባላል። የጎረቤት የግፊት ክኒን አይፈታውም፣ ሊጎዳም ይችላል።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚሁ ኖሮ የለመደ ሰው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሲወጣ ከወትሮው የባሰ ቢያለከልክ፣ እግሩ ቢያብጥ ወይም ራሱን ቢስት በዳገቱ አያሳብብ፤ ይመርመር።

ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች ግን እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ቢልሃርዝያን መዘንጋት ነው። የቢልሃርዝያ ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይዋኛል፣ በቆዳ በኩል ይገባል። ሳይታከም ዓመታት ከቆየ እንቁላሎቹ ጉበትን ይጎዳሉ። ከዚያ አልፈው ሳንባ ደርሰው ሥሮቹን ሊያጠብቡ ይችላሉ። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ የተጎዳውን የሳንባ ሥር ግን ሁልጊዜ አይመልስም። ስለዚህ በትምህርት ቤት ሲታደል ልጆቻችሁ እንዳያመልጣቸው። «ትንፋሽ ያጥረኛል» ብላችሁ ሐኪም ስታዩም ሐይቁ ውስጥ እንደምትዋኙ፣ ልብስ እንደምታጥቡ ወይም ዓሣ እንደምታጠምዱ ጨምራችሁ ንገሩት።

ወደ ጭንቅላቱ ስንመጣ፣ «ለልጁ ውኃ አትስጡት» የሚለው ምክር ያሳዝነኛል። ፈሳሹን አንጎል ራሱ ነው የሚሠራው፤ በአዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ። ማስጠማት ጭንቅላቱን አያሳንሰውም። የሚረዳው ቀዶ ሕክምና ነው፦ ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቱቦ ማስገባት ወይም እዚያው አንጎል ውስጥ አዲስ መውጫ መክፈት።

«ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፣ ጎበዝ ይሆናል» ብሎ መጠበቅም አደገኛ ነው። በክትባት ቀን የጭንቅላቱን ዙሪያ አስለኩ። እርግብግቢቱ ከተወጠረ፣ ዓይኑ ወደ ታች ካዘቀዘቀ፣ ካስመለሰው ቀን አትቁጠሩ። ጸበሉም ይቀጥል፤ ሐኪም ቤቱ ግን አይዘግይ።

ቱቦው ከገባ በኋላ «አለቀ» አይባልም። ሊዘጋ ወይም ኢንፌክሽን ሊይዘው ይችላል። ትኩሳት፣ ማስመለስ ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ከመጣ በዚያው ቀን ውሰዱት።

አባባም እግራቸውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ ሲሄዱ፣ ሽንት ሲያመልጣቸውና ሲረሱ «እርጅና ነው» አትበሉ። ሦስቱ አብረው ከመጡ የጭንቅላት ውኃ ሊሆን ስለሚችል የአንጎል ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል፤ በዚያው ቱቦ አካሄዳቸው የሚሻሻል አረጋውያን አሉ።