አድራሻው የጠፋ ጥቅል የት ይደርሳል?

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ ጥቅል የአድራሻ ወረቀቱ ተቀዶ ወይም ደብዝዞ ላኪውንም ተቀባዩንም መለየት ካልተቻለ፣ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ዕቃውን አትላንታ ወደሚገኘው ማዕከሉ ሊልከው ይችላል፤ በዚያም ሠራተኞች ጥቅሉን ከፍተው አድራሻ ይፈልጋሉ፣ ካጡም ዋጋ ያለው ዕቃ በጨረታ ሊሸጥ፣ የቀረው በእርዳታ ሊሰጥ ወይም ሊወገድ ይችላል። ለእናት የተገዛ ልብስ እንዲህ ሲቀር ያሳዝናል።

ስለዚህ ካርቶኑን ከማሸግዎ በፊት የሁለቱንም ወገን ሙሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ የያዘ ሁለተኛ ወረቀት ውስጡ ያስቀምጡ፤ ከጥንቃቄዎች ሁሉ የምመክረው ይህን ነው። በኢትዮጵያ ፖስታ በአብዛኛው የሚታደለው በፖስታ ሣጥን በኩል ስለሆነ፣ የሣጥኑን ቁጥርና ከተማውን በግልጽ ይጻፉ። በጉምሩክ መግለጫው ላይም የእያንዳንዱን ዕቃ ዓይነትና ዋጋ ይዘርዝሩ፤ «ስጦታ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። በአሮጌ ካርቶን ላይ የቀረ የቀድሞ አድራሻ ካለ ያንሱት።