«ፎርቦዲንግ»ን ስትጠቀሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክፉ ነገር እየመጣ ነው የሚል ስሜት ልብን ሲይዝ፣ ምኑ እንደሆነ ሳይታወቅ ሆድን ባር ባር ሲል፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስሜቱን «ፎርቦዲንግ» ይሉታል። ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ ለትምህርትና ለሥራ እንግሊዝኛ የሚጽፉ ልጆች ይህን ቃል ይወዱታል። መውደዳቸው ደስ ያሰኘኛል፤ ግን ቃሉ ያለቦታው ሲገባ ሊሉ ያሰቡትን ይሰውርባቸዋል።

ለፍርሃት ሁሉ መጠቀም

ማታ መንገድ ላይ ጅብ የገጠመው ሰው የሚሰማው «ፊር» ነው፤ የሚያስፈራው ፊት ለፊቱ ቆሟል። በጥቅምት ማታ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ነፋሱም ጸጥ ሲል የመንዝ ገበሬ ይጨነቃል። ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል፣ ውርጭም ገብሱን ይመታዋል። የገበሬው ጭንቀት ገና ስላልደረሰ ነገር ቢሆንም ስሙ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ «ድሬድ» ይሻለዋል። «ፎርቦዲንግ» ከዚህ ይልቅ የደበዘዘ ነው። ቤቱ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ልጅ ትናንት ደውሏል፤ እናት ግን ከጠዋት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሏታል። «ምን ሊያሰማኝ ነው?» ትላለች። ቃሉ የተሠራው ለእሷ ነው።

«አይ አም ፎርቦዲንግ» ማለት

እኛ «ሰጋሁ» ብለን በአንድ ግስ ስለምንጨርሰው እንግሊዝኛውንም እንዲሁ ማድረግ ይቃጣናል። ነገር ግን ቃሉ ቅጽል ሆኖ ሲመጣ የሚገልጸው የሚያሰጋውን ነገር ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ስትመለከቱ ጥቁር ደመና ሸለቆውን ሞልቶ ቢያስፈራችሁ «ፎርቦዲንግ ክላውድስ» በሉ፤ ዝምታም፣ ድምፅም፣ ሰማይም እንዲሁ ይባላል። ራሳችሁን እንደዚያ ካላችሁ ግን የምታስፈሩት እናንተ ትሆናላችሁ። ስሜታችሁን ለመናገር «አይ ሃድ ኤ ሴንስ ኦቭ ፎርቦዲንግ» በሉ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ከ«ኦቭ» በኋላ ሌላ «ኤ» አይጨመርም።

ከ«ፎርቢዲንግ» ጋር ማደባለቅ

ይህ በፊደል ይለያል። «ፎርቦዲንግ» ከ«አር» ቀጥሎ «ኢ» አለችው፣ «ዲ»ውም አንድ ነው፤ መነሻዋ «ፎር» እንደ «ፎርካስት» ቀድሞ ማለት ነው። «ፎርቢዲንግ» ያቺ «ኢ» የለችውም፣ «ዲ»ውም ሁለት ነው። እሱ ከመከልከል የመጣ ሲሆን አትቅረቡኝ የሚል ገጽታን ይገልጻል። የጣርማ በር ገደል በጠራራ ፀሐይም «ፎርቢዲንግ» ነው።

ለመልካም ነገር መጠቀም

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው፣ የእግዚአብሔር ምልክት ነው ብለው ቦታውን ደብረ ብርሃን እንዳሉት ይነገራል። ይህን ታሪክ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ልጅ «ፎርቦዲንግ»ን ከጨመረበት ታሪኩን ገለበጠው። የታየው ምልክት «ኦመን» ነው፤ እንደኛ ምልኪ ለደግም ለክፉም ይሆናል። «ቦድ» የሚለው ግስም «ቦድስ ዌል» ሲባል መልካም ያመለክታል፣ «ቦድስ ኢል» ሲባል ክፉ። «ፎርቦዲንግ» ግን ዛሬ ወደ ክፉ ብቻ የሚያይ ቃል ነው፤ ደግሞም የሚገልጸው ውስጣችን ያለውን ስሜት ነው፤ ውጭ የታየው ምልክት ግን ስሙ «ኦመን» ነው።

በሐኪም ፊት ማለዘብ

አጥብቄ የምለምናችሁ ይህኛውን ነው። ደረቷን ጨምድዶ የያዛት እናት «አልተርፍም፣ መሞቴ ነው» ስትል፣ አማርኛ ለማያውቅ ሐኪም የሚያስተረጉም ልጅ «ፈርታለች» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። «ፎርቦዲንግ» ቢልም ቃሉ የልብ ወለድ ሽታ ስላለው ክብደቱን ያጣል። በሕክምና ይህ ስሜት የራሱ ስም አለው፤ «ሴንስ ኦቭ ኢምፔንዲንግ ዱም» ይባላል፣ እንደ ምልክትም ይመዘገባል። ሃርት አታክ ሲነሳ፣ የረጋ ደም ሳንባን ሲዘጋ፣ አናፊላክሲስ የሚባለው ብርቱ አለርጂ ሲጀምር፣ የማይስማማ ደም ሲሰጥም ሊታይ ይችላል። ድንገተኛ ብርቱ ጭንቀትም ያመጣዋል፤ የቱ እንደሆነ መለየት የሐኪሙ ሥራ ነው። አስተርጓሚው ያን ሐረግ ቢያጣው እንኳ «ሺ ፊልስ ሺ ኢዝ አባውት ቱ ዳይ» ብሎ፣ ስሜቱ መቼ እንደጀመራት ጠይቆ ይንገረው።